የቲቢ የቆዳ ምርመራ እና የሐዋሳ ተመርማሪ

የቲቢ የቆዳ ምርመራ፣ በባለሙያዎች አጠራር የማንቱ ምርመራ፣ የቲቢ ባክቴሪያ ወደ አንድ ሰው ሰውነት ገብቶ እንደሆነ የሚያመለክት ምርመራ ነው። መነሻው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ከባክቴሪያው ያዘጋጀው ቲዩበርኩሊን ሲሆን፣ በ1908 ፈረንሳዊው ሐኪም ቻርልስ ማንቱ ወደ ቆዳ ውስጥ በመርፌ የመስጠትን ዘዴ አስተዋወቀ።

ባለሙያው 0.1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ቲዩበርኩሊን ከክርን በታች ባለው የክንድ ውስጠኛ ገጽ፣ በቆዳው ንብርብሮች መካከል ይወጋል። አወጋጉ ትክክል ከሆነ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነጣ ያለ እብጠት ወዲያው ይወጣል፤ ካልወጣ ግን ፈሳሹ ከቆዳ በታች አልፏልና መርፌው በሌላ ቦታ ይደገማል።

የምርመራው ዋና ሥራ ያለው ግን ንባቡ ላይ ነው። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚለካው መቅላቱ ሳይሆን በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥረው እብጠት ሲሆን፣ ስፋቱም በክንዱ አግድም ተለክቶ በሚሊ ሜትር ይመዘገባል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ስለማይታይ በዓይን ብቻ መፍረድ በፍጹም አይገባም። ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ላለ ወይም ከቲቢ ታማሚ ጋር በቅርቡ ለተነካኩ ሰዎች 5 ሚሊ ሜትር፣ ቲቢ በተስፋፋበት አካባቢ ለሚኖሩ ሌሎች ሰዎች 10 ሚሊ ሜትር ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ለመግባቱ በቂ ምልክት ነው።

ለንባቡ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛ ቀጠሮ ለሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ ቀላል ቢሆንም፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ ወደ ከተማዋ ለሚመጣ ገበሬ ሌላ የመኪና ሒሳብና ሌላ የሥራ ቀን ማለት ነው፤ ሐሙስ የተወጋ ሰው ደግሞ ንባቡ ቅዳሜና እሁድ ላይ ይወድቅበታል። ስለዚህ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የመመለሻውን ቀን ከተመርማሪው ጋር ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል።

እብጠቱ ባክቴሪያው ተኝቶ ይሁን በሽታ ሆኖ ተነስቶ አይለይም፤ ለዚህ የአክታ ምርመራና ራጅ ያስፈልጋሉ። በሕፃንነት የሚሰጠው የቲቢ መከላከያ የሆነው የቢሲጂ ክትባትም ባክቴሪያው ሳይኖር ሊያሳብጥ ይችላል። በአንጻሩ ሰውነታቸው በኤችአይቪ ወይም በምግብ እጥረት በተዳከመ ሰዎች ላይ ባክቴሪያው እያለ እንኳ ምንም ላያብጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በዚህ የተነሳ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ያለ ሰዎችና ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ በሽታው እንደሌለባቸው ከተረጋገጠ የቆዳ ምርመራ ሳይጠበቅ የመከላከያ መድኃኒት እንዲጀምሩ ይፈቅዳል።