ፕሌስሜኪንግ ምንድን ነው? ቀለም መቀባት ነው እንዴ?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የገበያ ሕንፃ ግድግዳው ላይ ደማቅ ሥዕል አሣለና «ፕሌስሜኪንግ ሠራን» ብሎ አረፈው። አንድ አስተያየት ሰጪም «ልክ እንደ አሜሪካ ላቲኖዎች ሰፈር!» ብሎ አጨበጨበ። ኧረ በሕግ! ፕሌስሜኪንግ ማለት ነዋሪው አንድን የጋራ ቦታ በራሱ ተሳትፎ የራሱ ሲያደርገው ነው።

ላቲኖዎቹ (የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ አሜሪካውያን) ከተነሱ አይቀር የካሊፎርኒያዋን ከተማ ሳንዲያጎን እንይ። ባሪዮ ሎጋን የሜክሲኮ አሜሪካውያን ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከተማው የመሬት አጠቃቀሙን ቀየረና በመኖሪያው መሃል አሮጌ መኪና የሚበለትባቸው ግቢዎች ገቡ። ቀጥሎ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰነጠቀው። በ1969 የኮሮናዶ ድልድይ ሲከፈት ምሰሶዎቹ የቆሙት ቤት በፈረሰበት ላይ ነበር። ሰዉ ከድልድዩ ሥር ፓርክ ይሠራላችኋል ተብሏል። ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ግን ቡልዶዘር መጣ፤ ለሀይዌይ ፖሊስ ጣቢያ ሊጠርግ። ተማሪው፣ እናቶች፣ ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ከበቡት። በአካፋና በዶማ ቁልቋልና አበባ ተከሉ። 12 ቀን ንቅንቅ አላሉም። ቺካኖ ፓርክ («ቺካኖ» ማለት ሜክሲኮ አሜሪካዊ ነው) የተወለደው እንዲህ ነው።

ምሰሶዎቹን መቀባት የተጀመረው መቼ ይመስላችኋል? በ1973! ቦታው ቀድሞ ተይዟል፤ ሥዕሉ ከኋላ መጣ። ሰዎች የሚገለብጡት ይህን ቅደም ተከተል ነው።

የእድር ድንኳን አስቡ። ድንኳን ማንም ይከራያል። መንገድ ላይ ስለተከለው ግን ለቅሶ ቤት አይሆንም። አስፋልቱን ለሦስት ቀን የሰፈሩ የሚያደርገው ጡሩምባ የነፋው፣ መዋጮ የከፈለው፣ አግዳሚ ወንበር የተሸከመው፣ ንፍሮ የቀቀለው ሰው ነው። ቺካኖ ፓርክም «እድር» አለው፤ ከ1970 ጀምሮ የሚጠብቀው የነዋሪዎች ኮሚቴ። በየኤፕሪሉ በዓሉን ያዘጋጃል፤ የአዝቴክ ጭፈራው ይደምቃል፣ ወለል የሚልሱት ሎውራይደር መኪኖች ይደረደራሉ። ድንኳን ሲቀደድም የሚሰፋው እድርተኛው ነው፦ መንግሥት ድልድዩን ለመሬት መንቀጥቀጥ ሊያጠናክር ሲነሳ «ሥዕሎቻችን አይነኩም» ብለው ተሟግተዋል። ፓርኩ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ መባሉ የተነገረው በ2017 ነው። ሥራው ግን ያኔ 46 ዓመት አልፎታል።

«ላቲኖ» ብላችሁ ደግሞ አንድ ላይ አትጠቅልሉ። ቺካጎ፣ ሃምቦልት ፓርክ አጠገብ፣ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች መንገዳቸውን የሚሻገሩ ሁለት ግዙፍ የብረት ባንዲራዎች በ1995 አቁመዋል። እዚያ ቡልዶዘር የከበበ የለም፤ የከተማው አስተዳደርም እጁ አለበት። ሁሉም በትግል አይጀመርም።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። ሰፈር ባማረ ቁጥር ኪራይ ይንራል። ያሳመረው ሰው መጀመሪያ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ እኛ አንድ ፕሮጀክት ስናይ ከሥዕሉ በፊት የምንጠይቀው ካርታው በማን ስም እንደሆነና ተከራዩ ምን ዋስትና እንዳለው ነው። መልሱ «እሱን በኋላ እናየዋለን» ከሆነ፣ ቀለሙን ባትገዙ ይሻላል።