ፍሪድሪሽ ፎን ፍሎቶ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድምፅ ሳስተምር ከሚያታክቱኝ ነገሮች አንዱ፣ አዲስ ተማሪ ከ«ማርታ» ኦፔራ «ማፓሪ» የተባለውን የቴነር (የከፍተኛ ወንድ ድምፅ) ዜማ ይዞ መጥቶ «የጣሊያን ኦፔራ ነው» ሲለኝ ነው። ስለ ደራሲው፣ ስለ ጀርመናዊው ባላባት ፍሪድሪሽ ፎን ፍሎቶ (1812–1883)፣ የሚነገረው ስሕተት ይህ ብቻ ስላልሆነ ቀለል ያሉትን አስቀድሜ ላንሣ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፍሎቶቭ» አይባልም። በትውልድ አገሩ በሰሜን ጀርመኗ መክለንቡርግ ስሞች የመጨረሻዋ ፊደል ስለማትነበብ ስሙ ፍሎቶ ነው።

የባላባትነት ምልክት የሆነችው «‹ፎን› ለጌጥ የገባች ናት» የሚባለው ለሌላው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ለካርል ማሪያ ፎን ቬበር እንጂ ለፍሎቶ አይሠራም። እርሱ ቶይተንዶርፍ በተባለ ርስት፣ ከጥንት ባላባት ቤተሰብ የተወለደ ባሮን ነው።

«ባለጸጋ ስለነበር ሙዚቃን ለጊዜ ማሳለፊያ ያዘ» የሚሉትም አሉ። ለዲፕሎማትነት ታስቦ የነበረው ይህ ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ፓሪስ ሄዶ በኮንሰርቫቶሪው (በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ) ከአንቶን ራይኻ ዘንድ ቅንብር ተማረ፤ ከወጣቱ ቼሎ ተጫዋች ከዣክ ኦፈንባክ ጋር በባለጸጎች ሳሎን ተጫወተ፤ ከ1855 እስከ 1863 ደግሞ የሽቬሪንን የቤተ መንግሥት ቲያትር መራ። ጊዜ ገዳይ እንዲህ አይደክምም።

«ኦፔራዋ ማርታ ከመነሻዋ የእርሱ የብቻ ሥራ ናት» የሚለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ታሪኩ በ1844 በፓሪስ ኦፔራ የቀረበ ባሌት ነበር፤ ሙዚቃውን ሦስት ደራስያን ተካፍለው ሲጽፉ ለፍሎቶ የደረሰው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በ1847 ቪየና ላይ የታየውን ኦፔራ ከዚያ አሳደገው። በኦፔራው የንግሥቲቱ ደንገጡር የሆነችው ሃሪየት የምትዘፍነው «የበጋ የመጨረሻዋ ጽጌረዳ» ደግሞ የአየርላንድ ዜማ ሲሆን ግጥሙ የቶማስ ሙር ነው።

አሁን ወደ «ማፓሪ» ልመለስ። ይህ ዜማ ጣሊያንኛ ከመልበሱ በፊት ፈረንሳይኛ ለብሷል፤ ፍሎቶ በ1846 በፓሪስ ላቀረበው ሌላ ኦፔራ የጻፈው ነውና። በማርታ ውስጥ የጀርመንኛ ግጥም አገኘ፤ ጣሊያናዊው ቴነር ካሩሶ በ1906 በሸክላ ካስቀረጸው ወዲህ ግን ጣሊያንኛው ሌላውን ሁሉ ዋጠው።

«ቋንቋው ቢለወጥ ምን ቸገረ?» ለሚለኝ ተማሪ መልሴ ይህ ነው። ጀርመንኛው «አኽ፣ ዞ ፍሮም፣ አኽ፣ ዞ ትራውት» ብሎ ይጀምራል። «ፍሮም» እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ጨዋ ማለት ነው። በኦፔራው ዜማውን የሚዘፍነው ሊዮኔል በእንግሊዟ ሪችመንድ ገበያ «ማርታ» በሚል ስም ገረድ መስላው የቀጠራትንና ጥላው የሄደችውን ሴት በአክብሮት ያስታውሳታል። ጣሊያንኛው ጨዋነቷን አስቀርቶ «ፍቅር ሁሉ ሆና ታየችኝ» ስለሚል ቴነሩ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ይጮኻል።

አንድ ጉሮሮው ጠንካራ ተማሪ ነበረኝ፤ ዜማውን በጣሊያንኛ ሲጀምር የክፍሉ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። የጀርመንኛውን የመጀመሪያ መስመር ለሳምንት ያህል እንዲያነብ ብቻ አዘዝሁት፤ ተመልሶ ሲዘፍን በግማሽ ድምፅ ጀመረ። ስለዚህ ጣሊያንኛውን መዝፈን የምትፈልጉ ሁሉ ዝፈኑ፣ ነገር ግን ጀርመንኛውን አስቀድማችሁ በንባብ አጥኑ፤ «ፍሮም» ላይ ትንፋሽ አትግፉ፤ ጉልበታችሁንም «ማርታ፣ ማርታ» እያለ ለሚጣራበት ለመጨረሻው ከፍታ አስቀምጡ።