ላይንማኑ ለቡድኑ የብሎክ ዘዴ ይሆናል ወይስ አይሆንም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ዋና ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ጊዜ፣ ሲደርስ ስለ ማጥቃት መስመር ተጫዋቾች አንድ ፍርድ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ጎበዝ ነው፤ ግን ለዚህ ቡድን ዘዴ አይሆንም።» ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ የምንኖር፣ የአሜሪካን ፉትቦልን ከልጆቻችን ጋር የምንከታተል ሰዎችም ይህን ፍርድ ተቀብለን እንደግመዋለን። ችግሩ አብዛኛው ተመልካች ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው። አምስቱ ላይንማኖች፣ ማለትም ከፊት ተሰልፈው ተከላካዮችን የሚያግዱት የማጥቃት መስመር ተጫዋቾች፣ ትዝ የሚሉት ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ መሬት ሲወድቅ ብቻ ነው። እኔ ግን የጨዋታው ዋና ነገር ያለው እነሱ ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ በደምሳሳው የሚሰጠው ፍርድም ያሳስበኛል።

ከአምስቱ ላይንማኖች መሀል ላይ ያለው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ያሉት ጋርዶች፣ ዳር ያሉት ደግሞ ታክሎች ይባላሉ። ለሩጫ የሚሠራባቸው ዋና ዋና የብሎክ (ተከላካይን በአካል የማገድ) ዘዴዎች ሁለት ናቸው። በዞን አምስቱም ላይንማኖች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዱ ኃላፊነቱ አስቀድሞ በተመደበለት ሰው ላይ ሳይሆን በአንድ ክልል ላይ ነው፤ ወደ ክልሉ የመጣውን ይይዛል። ኳስ የያዘው ረኒንግ ባክ ደግሞ መስመሩ የት ላይ እንደተከፈተ አይቶ ይቆርጣል፣ ማለትም ወደዚያ ይታጠፋል። በጋፕ ዘዴ፣ ማለትም ፓወርና ካውንተር በሚባሉት ፕሌዮች (አስቀድመው በታቀዱ የጨዋታ እንቅስቃሴዎች)፣ ቀዳዳው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሩጫው በሚሄድበት ወገን ያሉት ላይንማኖች ተከላካዮቹን ወደ መሀል ይገፋሉ፤ ከማዶ ያለው ጋርድ ከቦታው ተነቅሎ ከመስመሩ ኋላ እየሮጠ መጥቶ በቀዳዳው በኩል የመጀመሪያውን ሰው ይመታል። የተሳሳቱት አመለካከቶች ሁሉ የሚነሱት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

«ዞን ለቀላሎች፣ ጋፕ ለግዙፎች ነው»

ይህ አባባል የመጣው ከዴንቨር ነው። በ1990ዎቹ ዋና አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን፣ የመስመሩ አሰልጣኝ ደግሞ አሌክስ ጊብስ ነበሩ። የዴንቨር ላይንማኖች በሊጉ ቀለል ካሉት መካከል ነበሩ። ከኋላቸው በ1995 ድራፍት በስድስተኛው ዙር 196ኛ ሆኖ የተመረጠው ቴሬል ዴቪስ በ1998 የውድድር ዘመን 2,008 ያርድ ሮጠ፤ ቡድኑም ሁለት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) በተከታታይ አሸነፈ። ያኔ ሰው የላይንማኖቹን ኪሎ አይቶ «ዞን ለቀላል ሰው ነው» ብሎ ደመደመ። ጊብስ የፈለጉት ግን ፈጣን የመጀመሪያ እርምጃና ሮጦ የማይዝል እግር ነው። ቀላል ሰው ዘንድ ይህ በብዛት ስለሚገኝ ኪሎው ምክንያት መስሎ ታየ እንጂ ምክንያቱ እሱ አልነበረም።

ማስረጃው የማይክ ልጅ ካይል ሻናሃን በሚያሠለጥኑት ሳን ፍራንሲስኮ አለ። ትሬንት ዊልያምስ 145 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሌፍት ታክል ነው። በ2020 ከዋሽንግተን ተዛውሮ ወደዚያ ሄደ፤ የቡድኑ የሩጫ መሠረት የውጭ ዞን (ሩጫው ወደ ሜዳው ዳር የሚያመራበት የዞን ዓይነት) ሆኖ ሳለ ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ዓመት በተከታታይ በሊጉ ምርጥ አሰላለፍ ውስጥ ገባ። ያን የሚያህል ሰውነት በሜዳው ስፋት ሲከንፍ ማየት ያስደንቃል።

ተቃራኒው ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን ነበር። በ1980ዎቹ «ሆግስ» የሚባለው መስመር በግዝፈቱ ይታወቅ ነበር። ጆ ጃኮቢ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 136 ኪሎ አካባቢ ሆኖ በ1981 ማንም በድራፍት አልመረጠውም። ይሁንና ቡድኑ ዝና ያገኘበት ካውንተር ትሬይ የሚባለው ፕሌይ ጋርዱንና ታክሉን ሁለቱንም ከቦታቸው ነቅሎ ወደ ማዶ የሚያስሮጥ ነው። በጥር 1988 ሱፐር ቦውል ዋሽንግተን ዴንቨርን 42 ለ 10 ሲያሸንፍ ረኒንግ ባኩ ቲሚ ስሚዝ 204 ያርድ ሮጧል። ጋፕ ዘዴ ግዙፍ ሰው ቆሞ እንዲገፋ ብቻ የሚፈልግ ቢሆን ኖሮ ያ ፕሌይ አይሠራም ነበር።

«ቡድን ወይ የዞን ነው፣ ወይ የጋፕ ነው»

ከናካቴው አንዱን ብቻ የሚጫወት ቡድን በኤንኤፍኤል የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ይቀላቅላል፤ ልዩነቱ በመጠን ነው። ስለዚህ «ለዘዴው ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ «ቡድኑ ዘንድሮ አብዝቶ የሚጠራው የትኛውን ፕሌይ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ዘንድሮ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም።

የሎስ አንጀለስ ራምስን እንይ። አሰልጣኙ ሾን መክቬይ በ2017 ሲመጡ የቡድኑ ሩጫ በውጭ ዞን ላይ የቆመ ነበር፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «የዞን ቡድን» ይለዋል። በ2023 ግን ቡድኑ ስቲቭ አቪላ የሚባል 150 ኪሎ የሚጠጋ ጋርድ በሁለተኛው ዙር መረጠ። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ፒትስበርግ የማይፈልገውን ኬቨን ዶትሰን ዝቅተኛ የድራፍት ምርጫዎችን ተለዋውጦ አመጣ። ዶትሰን ፊት ለፊት ገጥሞ ሰው የሚያንቀሳቅስ ከባድ ጋርድ ነው፤ «የዞን ቡድን» በሚለው ስም ብቻ ቢፈረድበት ኖሮ አይሆንም ይባል ነበር። አሰልጣኞቹ ግን የሚጠሩትን ሩጫ ወደ ጋፕና ፊት ለፊት ወደሚገፋ ብሎክ አዘነበሉት። ረኒንግ ባኩ ካይረን ዊልያምስ በ12 ጨዋታ ብቻ 1,144 ያርድ ሮጠ፤ ዶትሰንም ከውድድሩ በኋላ በቡድኑ ረጅም ውል ተፈረመለት።

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ላይንማን ለዘዴ እንደሚመረጠው ሁሉ ዘዴም ላለው ላይንማን ሊመረጥ ይገባል። ሁልጊዜ ተጫዋቹን «አልሆነም» እያሉ አሰልጣኙን ከጥያቄው ማውጣት ትክክል አይደለም።

«ተከላካዩ ካለፈው ወይም ወደ ውጭ ከሮጠበት ተሸንፏል ማለት ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የውጭ ዞን ወደ ቀኝ ተጠራ እንበል። ቀኝ ጋርዱ ፊት ያለው ተከላካይ በጋርዱ የውጭ ትከሻ በኩል ቆሟል። የጋርዱ የመጀመሪያ እርምጃ ወደ ጎን ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ይላል። ዓላማው ጭንቅላቱን ከተከላካዩ ባሻገር አሳልፎ ሰውየውን ወደ መሀል መዝጋት ነው። ተከላካዩ ፈጣን ከሆነና ይህ ካልተሳካ ጋርዱ አይቆምም፤ ሰውየው ወደሚሄድበት፣ ወደ መስመር ዳር፣ እየገፋ አብሮት ይሮጣል። ረኒንግ ባኩ ያንን አይቶ ከኋላቸው በተከፈተው በኩል ይቆርጣል። በቴሌቪዥን ስናየው ጋርዱ የተሸነፈ ይመስላል፤ ሥራውን ግን በትክክል ሠርቷል።

አሁን ያንኑ ምስል በፓወር ውስጥ አስቀምጡት። ጋርዱ ፊቱ ያለውን ሰው ወደ መሀል መግፋት ሲኖርበት ሰውየው ወደ ውጭ ካመለጠው፣ ከማዶ እየሮጠ የሚመጣው ጋርድ መንገዱ ላይ ግድግዳ ያገኛል፤ ፕሌዩም ያበቃል። በሁለቱም ጊዜ የታየው እንቅስቃሴ አንድ ነው፤ አንዱ ብሎክ ግን አልፏል፣ ሌላው ወድቋል። ምን እንደታዘዘ ሳናውቅ ማን እንደተሸነፈ መናገር አንችልም።

ሌላው ጉዳይ የጥንዶች ሥራ ነው። በዞን ሴንተሩና ጋርዱ አንድን ተከላካይ አብረው ይገፉና አንዱ ትቶ ወደ ላይንባከሩ (ከተከላካዮቹ የፊት መስመር ኋላ ወደሚቆመው ተከላካይ) ይወጣል። ማን ይወጣል? መቼ? ይህ በፕሌይ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ላይንባከሩ በየት በኩል እንደመጣ አይተው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እዚያው ይወስናሉ። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች አንዱ ቀድሞ ከወጣ ሌላው ይጎተታል። ሴንተሩ ቶሎ ሲተወው ተከላካዩ ጋርዱን ሰብሮ ያልፋል፤ በምስሉ ላይ የሚታየው ግን የጋርዱ ውርደት ነው።

ለዚህም ነው ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠውን ነጥብ በጥንቃቄ ማየት ያለብን። ፕሮ ፉትቦል ፎከስ የሚባለው የትንተና ድርጅት በየፕሌዩ ከሲቀነስ 2 እስከ ሲደመር 2 ነጥብ ይሰጣል። ሥራው ጠቃሚ ነው፣ እኔም አየዋለሁ። ነገር ግን ነጥብ የሚሰጠው ሰው የቡድኑ ስብሰባ ላይ አልተቀመጠም፤ ሴንተሩ ኳሱን ከመስጠቱ በፊት ምን እንደተናገረ አልሰማም። አዲስ ቡድን የገባ ላይንማን መጀመሪያ ላይ ነጥቡ ሲወርድ «ዘዴው አልሆነውም» ከማለታችን በፊት ከጎኑ ማን እንደቆመና አብረው ምን ያህል እንደቆዩ ማየት ይበጃል።

«ጥሩ ዘዴ ካለ ማንም ላይንማን ይሠራል»

ይህም ከዴንቨር የመጣ ነው። ዴቪስ ከተጎዳ በኋላ በ1999 ኦላንዲስ ጋሪ 1,159፣ በ2000 ማይክ አንደርሰን 1,487፣ በ2002 ክሊንተን ፖርቲስ 1,508 ያርድ ሮጡ። ሰው «ማንንም ብታስገባ ይሮጣል» አለ፤ ቀጥሎም «ላይንማኖቹም ዝቅተኛ ዙር የተመረጡ ናቸውና ማንም ይሆናል» አለ። የተለዋወጡት ግን ሯጮቹ ናቸው። ሴንተሩ ቶም ኔለን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እዚያው ነበር። በ1994 በሰባተኛው ዙር ተመርጦ ሙሉ ዘመኑን በዴንቨር የጨረሰና አምስት ጊዜ ለፕሮ ቦውል (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ) የተመረጠ ሰው ነው። በዘግይቶ ዙር መመረጡ ሌሎች ቡድኖች የሚፈልጉት ነገር የተለየ እንደነበር ያሳያል፤ እሱ ተራ ተጫዋች ነበር ማለት ግን አይደለም።

ጄሰን ኬልሲም እንዲሁ ነው። በ2011 በስድስተኛው ዙር የተመረጠው ለሴንተር ቀላል ነው ተብሎ ነበር። ፊላደልፊያ ግን ሴንተሩን ራሱን ከቦታው ነቅሎ የሚያስሮጥ ፕሌይ አብዝታ ጠራችለት፤ እሱም በዘመኑ ከነበሩት ሴንተሮች ሁሉ የበላይ ሆነ።

«የፈተናው ቁጥር ይናገራል»

ከድራፍት በፊት ላይንማኖች 40 ያርድ ይሮጣሉ፤ 102 ኪሎ ብረትም እስከቻሉት ድረስ ይገፋሉ። ላይንማን በጨዋታ 40 ያርድ የሚሮጠው ከስንት አንዴ ነው። ለዞን የሚፈለገው ፍጥነት የሚታየው በሩጫው የመጀመሪያ 10 ያርድ ላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠውን ደግሞ የኮሌጅ ጨዋታው ምስል ያሳያል።

«ዘዴ ማለት የሩጫ ብሎክ ብቻ ነው»

በኤንኤፍኤል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሌይ ቅብብል ነው። በሩጫ ብሎክ መካከለኛ የሆነ ታክል፣ ኳርተርባኩን ከዳር ከሚመጣው ፈጣን ተከላካይ የሚጠብቅ ከሆነ የትኛውም ቡድን አይለቀውም። ለሩጫው «አይሆንም» የተባለ ታክል በቡድኑ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

«ልጁ ለመስመር እንዲሆን ይወፍር»

ይህ የእኛን ቤት የሚመለከት ስለሆነ በዝምታ አላልፈውም። ሃይስኩል የሚጫወቱ ልጆች ያሏቸው ወላጆች በመካከላችን እየበዙ ነው፤ ልጁ መስመር ላይ ሲመደብ የመጀመሪያው ምክር «በደንብ ይብላ፣ ኪሎ ይጨምር» ነው። በ15 እና በ16 ዓመቱ እያደገ ያለ ልጅ በችኮላ የሚጭነው ኪሎ እግሩን ያዘገያል፣ ጉልበቱንም ያስጨንቃል። በዚያ ዕድሜ የሚያዋጣው ዝቅ ብሎ መነሳት፣ የመጀመሪያ እርምጃና የእጅ አቀማመጥ ነው፤ እነዚህ በየትኛውም ዘዴ ይሠራሉ፣ ኮሌጅ ሲገባም አብረውት ይሄዳሉ።

የሃይስኩል አሰልጣኝ እንደ ኤንኤፍኤል ከመላ አገሪቱ ተጫዋች አይመርጥም፤ ሠፈሩ የሰጠውን ልጅ ይዞ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ልጅዎ ለእኛ ዘዴ አይሆንም» ብሎ የሚመልስ ካለ በአክብሮት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ብዙ ጊዜ የምትጠሩት ሩጫ የትኛው ነው? በዚያ ፕሌይ ውስጥ ልጄ ማድረግ ያቃተው የትኛውን እርምጃ ነው? ሥራውን የሚያውቅ አሰልጣኝ የጨዋታውን ምስል ከፍቶ ያሳያችኋል።