ታንታለም እና ኒዮቢየም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኦሮሚያ ጉጂ ዞን የሚገኘው ቀንጢቻ ስሙ የሚጠራው በታንታለሙ ነው። እዚያው ድንጋይ ውስጥ አብሮት የሚኖረውን ኒዮቢየም የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ብርቅ ብረቶች በማዕድን ቁፋሮም፣ በገበያም፣ በኤሌክትሮኒክስ ጥገናም ይምታታሉ፤ መምታታቱ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንዳንዴም ቦርድ ያቃጥላል። በብዛት የሚሰሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሁለቱ ያው አንድ ናቸው፣ ስማቸው ብቻ ነው የሚለያየው»

ይህን ያሉት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሃቼት በ1801 እ.ኤ.አ. ኒዮቢየምን አግኝቶ «ኮለምቢየም» አለው፤ በዓመቱ ስዊድናዊው ኤከበርግ ታንታለምን አገኘ። በ1809 ዎላስተን የተባለው ታዋቂ ኬሚስት ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ጀርመናዊው ሄንሪክ ሮዘ በ1844 የተለያዩ መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስም ስህተቱ ጸንቶ ቆየ።

የሚመሳሰሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የታንታለም አቶም (ቁጥር 73) ከኒዮቢየም (ቁጥር 41) በ32 ኤሌክትሮኖች ይበልጣል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ባሉት ላንታናይዶች (ከ57 እስከ 71 ቁጥር ያላቸው ንጥረ ነገሮች) ረድፍ የኒውክለሱ ስበት እየበረታ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ውስጥ ስለሚጎትት፣ የሁለቱ አቶሞች ስፋት እኩል ሊባል ይችላል። መጠናቸው እኩል ከሆነና የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸው ባህርይ ከተቀራረበ በኬሚካል ሥራቸው መመሳሰላቸው አይቀርም። የሚለያቸው ክብደታቸው ነው፦ የአቶም ክብደታቸው 181 እና 93 ሲሆን፣ እፍግታቸው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 16.6 እና 8.57 ግራም ነው። በሁለቱም ልኬት ታንታለም እጥፍ ያህል ይከብዳል።

በፋብሪካ ሲለያዩ ማዕድኑ በሃይድሮፍሎሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያ ሜቲል አይሶቡቲል ኬቶን ከሚባል ፈሳሽ ጋር ይናጣል። አሲዱ ጠንካራ ሲሆን ሁለቱም ወደ ኬቶኑ ይሻገራሉ። አሲዱን ሲያቀጥኑት ኒዮቢየም ቀድሞ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ታንታለም ኬቶኑ ውስጥ ይቀራል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ መርዝ ስለሆነ ይህ ሥራ በጓሮ የሚሞከር አይደለም።

«ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ከሆነ ታንታለም ነው»

ኮልታን ብረት አይደለም፤ ኮለምባይትና ታንታላይት የሚባሉ ማዕድናት ድብልቅ የንግድ ስም ነው። ኮለምባይት ኒዮቢየም ይበዛበታል፣ ታንታላይት ታንታለም ይበዛበታል፤ በመካከላቸው ማንኛውም ዓይነት ድርሻ ሊኖር ይችላል። ዋጋ የሚወጣው በታንታለም ኦክሳይዱ መቶኛ ስለሆነ፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ጆንያዎች በዋጋ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ።

የመጀመሪያ ግምት በወርቅ ቤት ሚዛን ይገኛል። ንጹሕና ሌላ ድንጋይ ያልተጣበቀበት ቁራጭ ይመረጥና በደረቁ ይመዘን፤ 120 ግራም መጣ እንበል። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ይቀመጥና ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለስ። ድንጋዩ በቀጭን ክር ታስሮ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ይንጠልጠል። አሁን ሚዛኑ 20 ግራም ቢያሳይ፣ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውሃ 1 ግራም ስለሚመዝን የድንጋዩ ይዘት 20 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ 120 ለ20 ሲካፈል እፍግታው 6.0 ይሆናል። ንጹሕ ኮለምባይት 5.2 አካባቢ፣ ታንታላይት ደግሞ 8 አካባቢ ስለሆነ፣ 6.0 ወደ ኒዮቢየሙ ያጋደለ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ታች ከነካ ወይም የአየር አረፋ ከያዘ ልኬቱ ይበላሻል፤ የተጣበቀ ኳርትዝ (2.65) ካለም ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል።

እፍግታ ብቻውን ግን አይበቃም። ማግኔታይት 5.2 ነው፤ ተራ ማግኔት አጥብቆ ስለሚይዘው ቶሎ ይለያል። ሄማታይትም እዚያው ላይ ነው፤ ባልተለበጠ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ሲጫር ቀይ ይተዋል። አስቸጋሪው ካሲተራይት የሚባለው የቆርቆሮ ማዕድን ነው፦ እፍግታው 7 ገደማ ስለሆነ በሁለቱ መሃል ይገባል፣ ከእነሱም ጋር በአንድ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። ለእሱ የቆየ ፈተና አለ። ጥቂት ፍሬዎች በዚንክ ቁራጭ ላይ ተደርገው ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈስባቸዋል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ፍሬዎቹ ግራጫ የቆርቆሮ ልባስ ከለበሱ ካሲተራይት ናቸው። ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ በደጅ፣ ከእሳት ርቆ፣ በጓንትና በመነጽር ይሠራል። ይህ ሁሉ ለመለየት ነው፤ ለሽያጭ የሚያገለግለው የላቦራቶሪ ውጤት ብቻ ነው።

ኮልታን ዩራኒየምና ቶሪየም አብረውት ሊገኙ ይችላሉ። መጠናቸው በግራም ከ10 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ) ካለፈ ጭነቱ በዓለም አቀፍ ማጓጓዣ ደንብ እንደ ራዲዮአክቲቭ ዕቃ ይቆጠራል፤ ብዙ መርከቦችም አይቀበሉትም። ስለዚህ ከውል በፊት ይመርመር፤ ጆንያውም ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥ።

«ሬር ኧርዝ ናቸው»

አይደሉም። ሬር ኧርዝ የሚባሉት ላንታናይዶች፣ ስካንዲየምና ኢትሪየም ናቸው። ብርቅነታቸውም እኩል አይደለም፦ በመሬት ቅርፊት በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ በአማካይ 20 ግራም ያህል ኒዮቢየም ሲኖር፣ ታንታለም 2 ግራም ገደማ ነው። ኒዮቢየም ከእርሳስ አያንስም ማለት ነው።

«ታንታለም የስልክ ባትሪ ውስጥ ነው»

ባትሪው ውስጥ ሊቲየም እንጂ ታንታለም የለም። ታንታለም ያለው ካፓሲተር (ቻርጅ አጠራቅሞ የሚለቅ የቦርድ ክፍል) ውስጥ ነው። ዱቄቱ በታንታለም ሽቦ ዙሪያ ይጨመቅና በቫክዩም ይጋገራል፤ ዱቄቱ ተያይዞ እንደ ሰፍነግ ብዙ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ይሆናል። ቁራጩ በቀጭን ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው፣ ለእያንዳንዱ ቮልት ወደ 2 ናኖሜትር የሚጠጋ ኦክሳይድ ያበቅላል። ፋብሪካው ካፓሲተሩ ላይ ከሚጻፈው ቮልት 3 እጥፍ ገደማ ይሰጠዋል፤ ለ16 ቮልት ካፓሲተር ልባሱ 100 ናኖሜትር አካባቢ ይደርሳል። ያ ስስ ልባስ ነው ብዙ ቻርጅ በትንሽ ቦታ እንዲያዝ የሚያደርገው። በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ይሸፈናል፣ ከዚያ ግራፋይትና ብር ይቀባል።

እዚህ ላይ ጠጋኞችን የሚጎዳ አንድ ትልቅ ስህተት አለ፦ «መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው» የሚለው። ለአልሙኒየም ካፓሲተር እውነት ነው። ለጠፍጣፋው ቢጫ ወይም ጥቁር ታንታለም ግን መስመሩ ፖዘቲቩን ያሳያል። ተገልብጦ ከተበየደ ኦክሳይዱ ይበሳል፣ ካፓሲተሩ ሾርት ይሆናል፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ሲግል ኦክስጅን ስለሚለቅ የታንታለሙን ቃጠሎ ራሱ ይመግበዋል። ስለዚህ አሮጌውን ከማንሳት በፊት ቦርዱ ፎቶ ይነሳ።

ሁለተኛው ስህተት የቮልት ነው። 107 የሚል ቁጥር 100 ማይክሮፋራድ ማለት ሲሆን፣ አብሮት ያለው ፊደል ቮልቱን ይናገራል፦ «ኤ» (A) 10፣ «ሲ» (C) 16፣ «ዲ» (D) 20፣ «ኢ» (E) 25 ቮልት። በማንጋኒዝ የተሠራ ታንታለም ከተጻፈበት ግማሽ በላይ ባይጫንበት ይመረጣል። ለ5 ቮልት መስመር «ኤ»፣ ለ12 ቮልት መስመር «ኢ» ይሁን፤ «16 አለው፣ 12ን ይችላል» የሚለው ስሌት ለአልሙኒየም ይሠራል እንጂ፣ ማብሪያው ሲነካ ድንገት የሚጎርፈው ከረንት ታንታለሙን ይበሳዋል። ከተበየደ በኋላ መጀመሪያ በመልቲሜትር ሾርት አለመኖሩ ይታይ፤ የመጀመሪያው ማብራትም ከረንቱን በሚገድብ ፓወር ሰፕላይ ይሁን።

ዛሬ ስልክ ቦርድ ላይ የሚበዙት ጽሑፍ የሌላቸው ቡናማ ቁራጮች ሴራሚክ ናቸው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የላቸውም።

«ኒዮቢየም የድሃ ታንታለም ነው»

ኒዮቢየም የራሱ ሥራ አለው። አብዛኛው የሚሄደው ወደ ብረት ማቅለጫ ነው። በአንድ ቶን ብረት ላይ ከ300 እስከ 500 ግራም ሲጨመር፣ ብረቱ ግሎ በሚዳመጥበት ጊዜ የኒዮቢየም ካርባይድ ደቃቅ ቅንጣቶች የብረቱን ቅንጣቶች እንዳያድጉ ይይዟቸዋል። የብረቱ ቅንጣት ሲደቅ ብረቱ ይጠነክራል፣ ብየዳም አይጎዳውም፤ የጋዝ ቧንቧ፣ የድልድይና የመኪና ብረት የሚሠራው እንዲህ ነው። የሚጨመረው 65 በመቶ ያህል ኒዮቢየም ባለው ፌሮኒዮቢየም በሚባል የብረትና የኒዮቢየም ቅይጥ ስለሆነ፣ ለ500 ግራም 770 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ከዓለም ምርት የአብዛኛው ምንጭ ብራዚል፣ በተለይ አራሻ ነው፤ ማዕድኑም ኮልታን ሳይሆን ፓይሮክሎር ነው።

ሆስፒታል ያለው 1.5 ቴስላ ኤምአርአይ ደግሞ የሚቆመው በኒዮቢየምና ቲታኒየም ሽቦ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት ያስተላልፋል። ከገደቡ በላይ ከሞቀ ይህን ችሎታውን በቅጽበት ያጣል፤ ሂሊየሙ ፈልቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ የማግኔቱም ኃይል ይጠፋል። ታንታለም ለዚህ አይመረጥም፤ እሱ ያለ እንቅፋት የሚያስተላልፈው ከ4.5 ኬልቪን (0 ኬልቪን ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ነው) በታች ሲሆን፣ ኒዮቢየም ግን በ9.2 ኬልቪን ይጀምራል።

«3,000 ዲግሪ ስለሚችል እሳት አይነካውም»

ታንታለም የሚቀልጠው በ3,017 ዲግሪ፣ ኒዮቢየም በ2,477 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይሁንና በአየር ውስጥ ሁለቱም በጥቂት መቶ ዲግሪ ኦክሳይድ መሆን ይጀምራሉ፤ የሚፈጠረው ቅርፊት እየተሰነጠቀ አየር ያስገባል። ብየዳቸው በአርጎን ወይም በቫክዩም የሚደረገው፣ የሮኬት የጋዝ መውጫ አፍንጫ የሚሠራበት ሲ-103 የኒዮቢየም ቅይጥም ሲሊሳይድ (የሲሊከን ውህድ) የሚለበሰው ለዚህ ነው።

«ታንታለምን የሚበላ አሲድ የለም»

የተለመዱት አሲዶች፣ ወርቅን የሚያሟሟው የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ ድብልቅም ጭምር፣ አይነኩትም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ፣ የጋለ ጭሳማ ሰልፈሪክ አሲድና ጠንካራ የጋለ ኮስቲክ ሶዳ ግን ይበሉታል። ሌላ አሲድ ውስጥ ያለ ጥቂት ፍሎራይድም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ ይለካ። ኒዮቢየም በጋለና በጠነከረ አሲድ ከታንታለም ቀድሞ ይሸነፋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሃይድሮጅን ነው። በታንታለም የተለበጠ ጋን ውስጥ የተለመደ የብረት ብሎን አሲዱን ከነካ፣ ብረቱ ሲበላ ሃይድሮጅኑ የሚፈጠረው ታንታለሙ ላይ ነው፤ ታንታለሙም ይጠጣዋል። ውፍረቱ ሳይቀንስ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። መከላከያው ሁለቱን ብረቶች በፕላስቲክ ጋስኬት መለየት፣ ወይም ታንታለሙ ላይ ትንሽ የፕላቲነም ቁራጭ መበየድ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ታንታለሙ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በፕላቲነሙ ላይ ጋዝ ሆኖ ይወጣል።