ስለ ሻዶውስ የሚወራው እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ከባንድ ጋር እጫወታለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ስለ ሙዚቃ የማይሰማው ወሬ የለም። ብዙውን አሳልፈዋለሁ። ስለ ሻዶውስ የሚወራውን ስህተት ግን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ለማያውቃቸው በአጭሩ ልንገር። ሻዶውስ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዘፋኙ የክሊፍ ሪቻርድ አጃቢ ሆነው ጀመሩ። ከዚያ ያለ ዘፋኝ፣ በሁለት ጊታር፣ በቤዝና በድራም ብቻ ገነኑ። በ1990 ተበተኑ፣ በ2004 ለስንብት ጉዞ እንደገና ተሰባሰቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የዚያ ጉዞ ኮንሰርት ቪዲዮ እኛ ዘንድም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። በካሴት ዘመን የወደዷቸው ሰዎች ቡና ላይ ቁጭ ብለው ዛሬም ያነሱታል። ጨዋታቸውን እወደዋለሁ። ስህተቱም አብሮ ይነገራልና እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«አፓቺ የራሳቸው ድርሰት ነው።» አይደለም። አፓቺ ስማቸውን ያስጠራው ግጥም የሌለው ዜማ ነው፣ ደራሲው ግን እንግሊዛዊው የዜማ ደራሲ ጄሪ ሎርዳን ነው። አብረው ለሥራ ሲዞሩ ዩኩሌሌ በምትባል ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር ተጫውቶ አሰማቸው፣ ወደዱት፣ በ1960 ቀረጹት።

«በአፓቺ አሜሪካን አንበረከኩ።» አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው የዴንማርኩ ጊታሪስት የጆርገን ኢንግማን አፓቺ ነው። የነሱ እዚያ አልሠራም።

«የክሊፍ አጃቢ ብቻ ነበሩ።» አፓቺ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሲወጣ ከአንደኝነት ያወረደው የክሊፍ ሪቻርድን ዘፈን ነው። በዚያ ዘፈን ላይ የሚያጅቡትም ራሳቸው ናቸው! አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ አራት ዜማ አንደኛ አውጥተዋል። ዎንደርፉል ላንድ ብቻውን በ1962 ስምንት ሳምንት ቆይቷል።

«ቢትልስ መጡና አለቀላቸው።» ቢትልስ ከመታወቃቸው በፊት፣ በ1961፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ጆን ሌነን የሻዶውስን አጨዋወት ተከትለው ግጥም የሌለው ዜማ ቀርጸዋል። ከቢትልስ መምጣት በኋላ የሻዶውስ ገበያ መቀዝቀዙ እውነት ነው። ማለቅ ግን ሌላ ነው። በ1977 የድሮ ሥራዎቻቸው ስብስብ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል።

«መዝፈን ስለማይችሉ ነው መሣሪያ ብቻ የሚጫወቱት።» በ1975 ስቶክሆልም ላይ ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ብሪታንያን ወክለው ዘፍነዋል። ሁለተኛ ወጥተዋል። የቻሉትን ትተው የወደዱትን መረጡ፣ ሌላ ምክንያት አይፈለግለት።

«በ2004 የተሰባሰቡት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው።» ይህቺ በፍቅር የምትነገር ስለሆነች ማረም ይከብዳል። አንድ የማከብራቸው ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ቪዲዮውን አብረን እያየን ድራመሩ ሲመጣ «አየኸው ቶኒ ሚሃንን? እጁ ዛሬም ያው ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ብራያን ቤኔት ነው» አልኳቸው። «እንዴ! ታዲያ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ተቆጡ። ከየትም አልመጣም። ቶኒ ሚሃን በ1961 ሲወጣ የገባው እሱ ነው። መድረኩ ላይ ሲያዩት ከአርባ ዓመት በላይ የሻዶውስ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ጄት ሃሪስም በ1962 ወጥቷል። በ2004 ከድሮዎቹ የነበሩት መሪ ጊታሪስቱ ሃንክ ማርቪን፣ ሪትም ጊታሪስቱ ብሩስ ዌልችና ብራያን ናቸው። ቤዙን የያዘው ማርክ ግሪፊትስ ነው። ሚሃን በ2005፣ ሃሪስ በ2011 አረፉ።

«ከዚያ በኋላ ተጫውተው አያውቁም።» በ2009 ከክሊፍ ሪቻርድ ጋር ሃምሳኛ ዓመታቸውን ለማክበር እንደገና ወጥተዋል። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ድረስ መጥተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ «የጎጃም ሰው የቅኔ ሰው ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ግጥም የሌለው ሙዚቃ አይገባውም።»

ይህን ከሠርግ ደጋሽ ሰምቻለሁ። ከባንድ መሪዎች ሰምቻለሁ። ከራሳቸው ከሻዶውስ ወዳጆችም ሰምቻለሁ፣ የነሱ ነው ይበልጥ የሚከነክነኝ። «እኛ ከተማ ስላደግን ነው፣ ባላገሩ ግን ቃል ይፈልጋል» ይላሉ። ምስጋና ይመስላል እንጂ ንቀት ነው። ለጎጃም ሰው አፍ ሰጥቶ ጆሮ መንሳት ነው።

እስቲ ዋሽንትን አስቡ። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ አፉ ተይዟል። ግጥም ላውጣ ቢል እንኳ አይችልም። ዳገት ላይ ሆኖ የሚነፋው ዜማ ብቻውን ነው የሚወርደው። ታች ሆኖ የሚሰማው ገበሬ ግን ትዝታ ይሁን አንቺ ሆዬ ለይቶ ያውቀዋል፣ ሆዱም ይባባል። የቅኝቱን ስም ላይጠራው ይችላል። ዜማው የሚለውን ግን ማንም አይተረጉምለትም።

አዝማሪ ቤት የሄደ ሰውም ልብ ይበል። አዝማሪው ግጥም ከማውጣቱ በፊት ማሲንቆውን ብቻውን ይገዘግዘዋል። ያኔ ነው ወሬ የሚቆመው። የዝንብ ድምፅ እንኳ እስኪሰማ ድረስ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ከጥግ ያለው ሰውዬ ትከሻውን ማነቃነቅ ይጀምራል። አንድም ቃል ገና አልተነገረም። ቅኔውስ ቢሆን? ቅኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዜማ ነው የሚቀርበው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን የሚለይ ሕዝብ ዜማ አይገባውም ማለት ምን ማለት ነው?

የራሳችንንም ታሪክ ረስተናል። ዋሊያስ ባንድ፣ የአዲስ አበባው ሒልተን ባንድ፣ በ1977 መሣሪያ ብቻ የሆነ ሙሉ ሸክላ አውጥቷል። «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው። ኪቦርዱን የተጫወተው ኃይሉ መርጊያ በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ2013 የቆየ ካሴቱ ውጭ አገር እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ያም ካሴት ግጥም የለውም። ፈረንጅ ያለ ቃል የሰማውን እኛ ቃል ካልጨመራችሁ እንበል?

አመለካከቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መሣሪያ ብቻ የሆነ ሙዚቃ ስንሰማ ያደግነው በክፍተት ነው። ራዲዮ ላይ ዜና እስኪጀምር ይለቀቃል፣ ልክ ዜማው ሲጣፍጥ ይቆረጣል። ምግብ ቤት ውስጥ ሰው እንዲያወራበት ቀንሰው ይከፍቱታል። «ክላሲካል ነው» ይሉና ያልፉታል። ሁልጊዜ ሌላ ነገር እየተወራበት የሰማነውን ሙዚቃ ባዶ ነው ማለት ተገቢ አይደለም። አንድ ሠርግ ላይ ዘፋኙ ዘገየና እኛ በመሣሪያ ብቻ ይዘን ቆየን። ወጣቶቹ ሲጨፍሩ፣ እናቶች ሲያጨበጭቡ ነበር። ደጋሹ መጨረሻ ላይ «ያ እኮ አይቆጠርም፣ ዘፋኝ አልነበረም» ብሎ ከክፍያችን ሊቀንስ ተነሳ። የሙሽራዋ አጎት ናቸው ነውር ነው ብለው ያስቆሙት።

ዘፋኝ ሲኖር ዜማው ቢደክም ግጥሙ ይደግፈዋል። ግጥሙ ሲነሳ ዜማው መደበቂያ የለውም። ዎንደርፉል ላንድን ስሙት። ሃንክ የሚነካት ድምፅ ጥቂት ናት። አንዷን ይይዛታል፣ በመዳፉ ስር ያለውን የጊታሩን የብረት እጀታ በቀስታ ይጫነዋል፣ ድምፁ ትንሽ ይርገበገባል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሰው ሲዘፍን ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ እሱም ይተነፍሳል። ጡረታ የወጡት መምህር ይህን ሲሰሙ ስኒያቸውን እንደያዙ ነው የሚቆዩት። ቡናው ይቀዘቅዛል። ቃል የጎደለባቸው አይመስለኝም።

ሌላው ስህተት የተማሪዎቼ ነው። «ቲቸር፣ ያን ቀይ ጊታር ካገኘሁ እንደ ሃንክ እጫወታለሁ።»

ጊታሩ ታሪክ አለው። በ1959 ክሊፍ ሪቻርድ ከአሜሪካ ያስመጣለት ቀይ ፌንደር ስትራቶካስተር ነው። ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው የኢኮ ማሽንና የቮክስ አምፕሊፋየሩም ለድምፁ ድርሻ አላቸው። ግን አንድ ተማሪዬ ከቤተሰቡ ገንዘብ ለምኖ ርካሽ ቅጂውን ገዛ። አመጣውና አፓቺን ተጫወተልኝ። ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ተከፍቷል፣ ኢኮው በኢኮ ላይ ተደራርቧል። ዜማው የት እንዳለ ጠፋኝ።

እናንተም ይህን መንገድ ከጀመራችሁ ምክሬን ስሙኝ። ዲስቶርሽኑን አጥፉት። አፓቺ ንጹሕ ድምፅ ነው የሚፈልገው። ኢኮውን ቀንሱት፣ ምላሹ ዋናውን ድምፅ እንዳይሸፍን። ቀኝ እጃችሁን ክሮቹ ከታች ወደሚያርፉበት ድልድይ አስጠጉት፣ ድምፁ እዚያ ነው የሚጠራው። የታፈነው ክፍል ሲመጣ የመዳፋችሁን ጠርዝ ክሩ ላይ አሳርፉ፣ አትጫኑ። ከሁሉ በፊት ግን ጊታሩን አስቀምጡና ዜማውን በአፋችሁ አዚሙት። ትንፋሽ የወሰዳችሁበትን ቦታ ልብ በሉ። ጣታችሁም እዚያው ማረፍ አለበት። ፍጥነት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ባንድ ፈልጉ።

ከስር የሚያጅበውን ሪትም ጊታርንም አትናቁ። ሁሉም ሃንክን መሆን ይፈልጋል፣ ብሩስ ዌልችን መሆን የሚፈልግ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። አፓቺ ላይ ከስር ያለውን የብሩስን አኩስቲክ ጊታር አውጡትና ዜማው ምን እንደሚሆን ስሙ። ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ፣ በየሳምንቱ ቦታ ተቀያየሩ።

ያ ልጅ አሁን በትምህርት ቤቱ የቆየ አኩስቲክ ጊታር ነው የሚለማመደው። አንዷን ድምፅ ይዞ መቆየት ለምዷል። በሚቀጥለው ወር ዎንደርፉል ላንድን እንጀምራለን።