ዲኤንፒ ምንድን ነው?

አንዲት ሲስተር ዶክትሬቷን ያዘች ሲባል ብዙዎቻችን የምንገምተው ያው ነው፦ በቃ ከዋርድ ወጣች፣ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምር ነው። ዲኤንፒ (ዶክተር ኦፍ ነርሲንግ ፕራክቲስ) ግን ነርሷ ከታካሚው ሳትርቅ እንድትማረው የተዘጋጀ ዶክትሬት ነው።

ከፒኤችዲ በምን ይለያል? ፒኤችዲ አዲስ እውቀት ፍለጋ ነው። ዲኤንፒ ደግሞ በጥናት የተረጋገጠውን ወስዶ ሥራ ላይ ማዋል። ኮዬ ፈጬ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ እናስብ። የደም ግፊት ታካሚዎች መድኃኒት ይጀምራሉ፣ ሁለት ወር ይመላለሳሉ፣ ከዚያ የውኃ ሽታ ይሆናሉ። የፒኤችዲ ተማሪዋ ለምን እንደሚጠፉ አጥንታ ለሌላውም ቦታ የሚሆን መልስ ትፈልጋለች። የዲኤንፒዋ ቀጠሮ ላለፈበት ሰው መደወል ይረዳል የሚል ጥናት ካገኘች እዚያው ትሞክረዋለች፦ ማን ይደውላል፣ በማን ካርድ፣ መዝገቡ የት ይቀመጣል፣ ካርድ ክፍሉስ ይተባበራል ወይ (ስንት ጥሩ ሐሳብ ካርድ ክፍል ደርሶ ቀርቷል!)። ከዚያ ስንት ሰው ተመለሰ፣ የስንቱ ግፊት ወረደ ብላ ትለካለች።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው፣ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2001። በ2004 የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እንደ ነርስ ፕራክቲሽነር (ታካሚ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) ላሉት ሙያዎች ትምህርቱ እስከ 2015 ከማስተርስ ወደ ዶክትሬት ይደግ አለ። 2015 አለፈ፣ ማስተርሱ ግን ዛሬም አለ። በማኅበሩ መመዘኛ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠየቅ ነበር።

ደካማ ጎኑ እኔ እንደሚመስለኝ ማብቂያው ላይ ነው። ተማሪዋ ትመረቃለች፣ እንደ ስልክ ጥሪው ያለው ፕሮጀክቷም አብሯት ይመረቃል። ስልክ የሚደውል ይጠፋል። ስለዚህ ርዕሱ ከአማካሪው ቢሮ ሳይሆን ከጤና ጣቢያው ችግር ይምጣ፤ ከአማካሪዎቹ አንዷ ክፍሉን አብጠርጥራ የምታውቅ ነርስ ትሁን፤ ሥራውን ማን እንደሚረከብም ገና ሲጀመር ይታወቅ። የልምምዱ ሰዓትም ቢሆን የተለመደው የተረኝነት ሰዓት እየተቆጠረ ከሞላ ምን ተማረች?

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዶክትሬቷን ይዛ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ብትመለስ መደቡ የታለ? ደመወዙስ? ክትትሉን የምትመራበት በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ካልተለቀቀላት፣ ጠዋት ወረፋው ግቢውን ሲሞላ እሷም እንደ ሌላው ግፊት ስትለካ ትውላለች። ዓመት ሳይሞላት ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ማን ይፈርድባታል?