ከወፍ እስከ ጦጣ፦ የወባ ክትባት ሙከራ በእንስሳት፣ ከጎጃም ሲታይ

ጎጃም ውስጥ ወባን የሚወስነው ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ትንኟ ብትደርስባት እንኳ ብርዱ በሆዷ ያለውን የወባ ተሕዋስ አያሳድገውም። ከዚያ ወደ አባይ በረሃ፣ ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ቡሬ ቆላማ ቀበሌዎች ወይም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር ዙሪያ የወረደ ሰው ግን፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ኩሬ ኩሬ ሲሠራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ንዳድ ይዞት ሊመለስ ይችላል። ደገኛው ቆላ ወርዶ ማደር የሚጠላው በከንቱ አልነበረም፤ ትንኟ የምትናከሰው ሲመሽና ሌሊት ነውና። በቡሬ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሥራ ደግሞ በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቀበሌ ወባ እንደሚበረታ አሳይቷል፤ የትንኝ እጮች በኩሬው ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ አበባ ብናኝ ይመገቡታል።

ወባ መጣ ሄደት በሚልበት በእንዲህ ያለ አገር የሰው ሰውነት በሽታውን አይለምደውም። ስለዚህ ወረርሽኝ ሲነሣ አዋቂውንም እንደ ሕፃኑ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። አጎበርና የቤት ርጭት ብዙ ሕይወት ቢያተርፉም የሰውን ገላ ከውስጥ የሚያስታጥቅ ነገር ሲፈለግ ኖሯል። ክትባቱ ዛሬ ላለበት ደረጃ የደረሰው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በወፍ፣ በዶሮ፣ በአይጥና በጦጣ ላይ ተሞክሮ ነው።

የእንስሳቱ ነገር ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የተሕዋሱን ኑሮ ማየት ይበቃል። ትንኟ ስትነክስ ስፖሮዞይት የሚባለውን ቅርፅ ከምራቋ ጋር ትለቃለች፤ እሱ ወደ ጉበት ገብቶ ይራባል፤ ከጉበት ሲወጣ መልኩን ለውጦ ቀይ የደም ሴሎችን ይወርራል፤ ከዚያም ሌላ ትንኝ እስክትመጠው የሚጠብቅ ሦስተኛ ቅርፅ ያወጣል። እንደ ፈንጣጣ ተሕዋስ አንድ መልክ ስለሌለው፣ በአንዱ መልኩ ላይ የሠለጠነ ሰውነት ሌላውን ላያውቀው ይችላል። የትኛውን ቅርፅ ማጥቃት እንደሚሻል የሚያሳይ ሕያው ገላ አስፈለገ።

መጀመሪያ የተገኙት ወፎች ናቸው። ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1898 ወባ በትንኝ ንክሻ እንደሚተላለፍ ያረጋገጠው ሕንድ ውስጥ በወፎች ነበር። በ1910 ኤድሞንና ኤትየን ሰርዣን የተባሉ ወንድማማቾች አልጀሪያ ውስጥ የተዳከመ ስፖሮዞይት ለወፎች ወግተው ከፊሎቹ ከበሽታው እንደተጠበቁ አዩ። በ1940ዎቹ ደግሞ ዶሮ፣ ዳክዬና ጦጣ ተጨመሩ። የዶሮ ወባ ለሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም ሰውነት ስፖሮዞይትን ሊያውቀውና ሊከላከለው እንደሚችል በመጀመሪያ የታየው በእነዚህ ላባ ለባሾች ነው። የወፍ ወባ ግን እንደ አጥቢ እንስሳ ወባ በጉበት ውስጥ ስለማይራባ መንገዱ እዚያ ቆመ።

መንገዱን የከፈተው የአይጥ ወባ ነው። ቪንክና ሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1948 በኮንጎ ካታንጋ ደጋማ ጫካ ከሚኖሩ የዱር አይጦች ፕላዝሞዲየም በርጌ የተባለውን ዝርያ አገኙ። ይህ ዝርያ በትንኝ ሆድ ውስጥ በደንብ የሚያድገው ከ19 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ነው፤ ተመራማሪዎች ትንኞቹን በሞቀ ክፍል ሲያኖሩ ስፖሮዞይት ማግኘት አቅቷቸው ነበር። የሰውን ነፍስ የሚቀጥፈው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዝርያ ግን ሙቀት ይወዳል፤ ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል። ደብረ ማርቆስን ከቆላው የሚለየው ይኸው ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሩት ኑሰንዝዋይግና ባልደረቦቿ በኒውዮርክ ስፖሮዞይቶችን በኤክስ ጨረር አዳክመው ለአይጦች ወጉ። ተሕዋሱ ጉበት ድረስ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ ወደ ደም መውጣት አልቻለም። ቆይተው ያልተዳከመ ስፖሮዞይት ሲወጓቸው ብዙዎቹ አይጦች አልታመሙም። በእኔ እምነት በዚህ ሙያ ታሪክ ትልቁ ቀን ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው አብዛኛው ሥራ የእሱ ልጅ ነው።

ሥራው ራሱ እጅግ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተበከለችው ትንኝ በማይክሮስኮፕ ሥር ጨው ባለበት ጠብታ ውስጥ ትቀመጣለች። በአንድ መርፌ ደረቷ ተይዞ በሌላው ጭንቅላቷ ቀስ ተብሎ ሲሳብ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች ተከትለው ይወጣሉ። እነሱ ተፈጭተው በውስጣቸው ያሉት ስፖሮዞይቶች ይቆጠራሉ፤ ከዚያ በአይጥ የጅራት ደም ሥር ይወጋሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከጅራቷ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ በመስታወት ላይ ይቀባና በጊምሳ ቀለም ይነከራል። ፍኖተ ሰላም ላይ ላብራቶሪ ገብቶ ጣቱን የተወጋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መስታወቱም ቀለሙም ማይክሮስኮፑም አንድ ናቸው። ያልተከተቡት አይጦች ደም ውስጥ ተሕዋስ ሲታይ በተከተቡት ላይ ካልታየ ክትባቱ ሠርቷል ማለት ነው።

በአይጥ ከተገኘው ትምህርት ዋናው፣ ሰውነት የሚያነጣጥርበት የስፖሮዞይቱ ሽፋን ፕሮቲን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፋልሲፓረሙ ፕሮቲን ጂን ሲታወቅ አርቲኤስ ኤስ የተባለው ክትባት በእሱ ላይ ተሠራ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጥቅምት 2021 ለሕፃናት መከረው። ቀጥሎ የመጣው አር ሃያ አንድ በጥቅምት 2023 ምክሩን አገኘ። የሰው ፋልሲፓረም የአይጥን ጉበት ስለማይወርር፣ አር ሃያ አንድ የተሞከረው የሰውን ተሕዋስ ሽፋን ፕሮቲን እንዲለብስ ተደርጎ በተቀየረ የአይጥ በርጌ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ብልሃት ይህ ነው፤ አይጧ የራሷን በሽታ ትታመማለች፣ ክትባቱ ግን የሚፈተነው በሰው ተሕዋስ ልብስ ላይ ነው።

ሁለቱም ክትባቶች ብቻቸውን አይሰጡም፤ ሰውነትን የሚቀሰቅስ ቅመም ይጨመርባቸዋል። የቅመሙ አንዱ ክፍል ከቺሊ የሳሙና ዛፍ ልጥ የሚወጣ ሳፖኒን ነው። አረፋ የሚያወጣ፣ ልብስ የሚያጥብ ነገር ነው። ጎጃም ውስጥ በእንዶድ ጋቢ ያጠበ ሁሉ የዚህን ኬሚካል ዘመድ በእጁ ነክቷል፤ የእንዶድ አረፋም ከሳፖኒን ነው።

ነገር ግን አይጥ ሰው አይደለችም። የበርጌ የጉበት ቆይታ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆን የፋልሲፓረም ስድስት ወይም ሰባት ቀን ነው። ከአንድ የአይጥ ዘር ለሌላውም ውጤቱ ይለያያል፤ አንዱ ዘር በቀላሉ ሲጠበቅ ሌላው ተደጋጋሚ ክትባት ይፈልጋል። ይህን ያልገመተ ሰው ይሳሳታል። ኮሎምቢያዊው ማኑዌል ፓታሮዮ በ1980ዎቹ በደቡብ አሜሪካ የሌሊት ጦጣዎች ላይ ተስፋ የታየበትን ኤስፒኤፍ 66 የተባለ የወባ ክትባት ሠራ፤ በኋላ በጋምቢያና በታይላንድ ሕፃናት ላይ ሲሞከር አልጠቀመም። አርቲኤስ ኤስም ቢሆን በአፍሪካ ሕፃናት ላይ አራት ዶዝ ተሰጥቶ በአራት ዓመት ውስጥ የታየው የወባ ሕመም ቅነሳ 36 በመቶ ነበር። እንስሳው መንገዱን ይጠቁማል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የሰው ሙከራ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም በርጌ የተሰጣቸው ነጭ አይጦች አሉ። ሥራቸው ግን በአብዛኛው መድኃኒት ፍለጋ ነው፦ የግራዋ፣ የስሚዛና የሌሎች ተክሎች ጭማቂ ለአራት ቀን ተሰጥቶ ተሕዋሱ ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። ይህ የክትባት ሙከራ አይደለም፤ ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ እሰማለሁና ልዩነቱን ማወቅ ይገባል። እዚህም ሆነ እዚያ ተመራማሪው በሦስት ግዴታዎች ይመራል፦ በእንስሳ ፋንታ ሌላ ዘዴ ካለ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሕመሙን ማቅለል። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጡት ሥርዓት ነው። አይጧም ትታመማለች፤ ያን የረሳ ላብራቶሪ ጥሩ ሳይንስም አይሠራም።

ለጎጃም ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። እዚህ የሚያሳምመን ፋልሲፓረም ብቻ አይደለም፤ ሌላው የወባ ዝርያ ቪቫክስም አለ። ቪቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነቃል፤ በጥቅምት የታከመ ሰው ትንኝ ሳትነክሰው በግንቦት ሊያገረሽበት ይችላል። ይህን እንቅልፍ የበርጌ አይጥ አታሳይም። የተኛው ቅርፅ ራሱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታወቀው በእስያ ጦጣ ሲሆን፣ ዛሬም የቪቫክስ ክትባት ፍለጋ ብዙ የሚደገፈው በጦጣዎች ላይ ነው። በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንድ ጠብታ ደም በምርመራ መሣሪያው ላይ ስታንጠባጥብ የሚመጣው መስመር የፋልሲፓረም ወይም የቪቫክስ ሊሆን ይችላል። አሁን በእጃችን ያሉት ሁለቱ ክትባቶች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።